ኤችአር 6819፦ ብላክ ሆል አለበት የተባለው ጥንድ ኮከብ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ፣ ባጭሩ ኢሶ የሚባለው ተቋም፣ አንድ ዜና አወጣና የስነ ፈለክ ሰዎችን ሁሉ አነጋገረ። ከኛ 1,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ፣ ቴሌስኮፒየም በሚባለው የደቡብ ሰማይ ህብረ ኮከብ ውስጥ፣ ኤችአር 6819 የሚባለው ቦታ ላይ ብላክ ሆል፣ ማለትም ስበቱ ብርሃን እንኳ የማያስወጣ የሞተ ኮከብ፣ ተገኘ ተባለ። እስከዛ ቀን ከሚታወቁት ሁሉ ለመሬት የቀረበው እሱ ነበር፣ ያለበት ሲስተም ደሞ ሰማዩ ጨለማ ከሆነ ያለምንም መሳሪያ በዓይን የሚታይ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በማርች 2022፣ ያንን ዜና ያመጣው ተመራማሪ ራሱ ስሙ ያለበት ሌላ ጥናት ወጣ፤ ርዕሱ ላይ ሳይቀር ብላክ ሆል የለውም ይላል። የማይታይ ጓደኛ ያለው ኮከብ እንዴት እንደሚገኝ፣ ስሌቱ የቱ ጋ ሊያሳስት እንደሚችል ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም፣ ስለዚ ከስሩ ጀምሬ ልተርከው።

ብላክ ሆል ራሱ ብርሃን አይሰጥም። ጋላክሲያችን ውስጥ እስካሁን ከታወቁት አብዛኞቹ የተያዙት አጠገባቸው ካለ ኮከብ ጋዝ እየሳቡ ስለሚውጡ ነው፣ ጋዙ ወደ ውስጥ ሲገባ በጣም ይግልና ኤክስሬይ ይረጫል፣ ያንን ሳተላይት ያየዋል። ችግሩ ጋላክሲያችን ውስጥ አሉ ተብለው ከሚገመቱት ብዙ ሚሊዮኖች መሀል እንደዚ የሚያደርጉት በጣም ጥቂቶቹ ናቸው፣ የቀሩት ድምፃቸውን አጥፍተው ነው ያሉት። እነዛን ለማግኘት ጓደኛቸውን መከታተል ያስፈልጋል። ሃሳቡ አዲስ አይደለም፣ የስነ ፈለክ ሰው የነበረው ቤሰል በ1844 ሲሪየስ የሚባለው ደማቅ ኮከብ ሰማይ ላይ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እየተወላገደ እንደሚሄድ አይቶ የማይታይ ነገር እየጎተተው ነው አለ፣ በ1862 አልቫን ግርሃም ክላርክ አዲስ ሌንስ ሲሞክር ያቺን ደብዛዛ ጓደኛ በዓይኑ አያት፣ ዛሬ ዋይት ድዋርፍ፣ ማለትም ነዳጁን ጨርሶ የተኮማተረ ኮከብ፣ መሆኗን እናውቃለን። በ1966 ደሞ ዜልዶቪች እና ጉሴይኖቭ የሚባሉ የሶቪየት ሳይንቲስቶች በዛው መንገድ የሞተ ከባድ ኮከብ መፈለግ ይቻላል ብለው ሃሳብ አቀረቡ፣ አንዱ ኮከብ ብቻ የሚታይባቸውን ጥንዶች እንመርምርና የማይታየው ምን ያህል እንደሚከብድ እናስላ ነው ነገሩ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ኤችአር 6819 ድሮ የሚታወቀው እንደ አንድ ቢኢ ኮከብ ነበር። ቢኢ ኮከብ ማለት በጣም የሚግል፣ ሰማያዊ፣ ከመጠን በላይ በፍጥነት ስለሚሽከርከር ከወገቡ ጋዝ እየወረወረ ዙሪያውን ዲስክ የሰራ ኮከብ ነው፤ ዲስኩ በሃይድሮጅን መስመር፣ ማለትም ሃይድሮጅን በሚታወቅበት ቀለም፣ ላይ ደማቅ ብርሃን ስለሚጨምር ስፔክትረሙ ላይ፣ ብርሃኑ እንደ ቀስተ ደመና በየቀለሙ ሲዘረዘር ማለት ነው፣ ወዲያው ይለያል። እነ ቶማስ ሪቪኒየስ ግን ቺሊ ውስጥ ላ ሲያ ላይ፣ ፌሮስ በሚባለው ብርሃን የሚዘረዝር መሳሪያ (ስፔክትሮግራፍ) በ1999 እና በ2004 የተወሰደውን ዳታ ሲመረምሩ ሁለት ዓይነት መስመር አንድ ላይ ተደርቦ አገኙ። አንደኛው ሰፊ ነው፣ የቢኢው ነው፣ ሲሽከርከር አንዱ ጎኑ ወደኛ ሲመጣ ሌላው ስለሚሸሽ መስመሩ በፍጥነት ሲለካ ከ300 ኪሎ ሜትር በሰከንድ በላይ ተለጥጦ ይታያል። ሁለተኛው ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፣ እና ይሄኛው ይመላለሳል። ወደኛ ይመጣል፣ ይርቃል፣ እንደገና ይመጣል፣ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ40.3 ቀን ነው። ከዚህ በኋላ ቀጭን መስመር ያላትን ተመላላሿ እላታለሁ፣ ሌላውን ቢኢው።

ምልልሱ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው። የተመላላሿ ፍጥነት ከመሀል ወደ ሁለቱም ጎን 61 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ያህል ነው። 656.3 ናኖሜትር ላይ ያለችውን የሃይድሮጅን መስመር ብንወስድ ኮከብ ሲርቅ መስመሩ ወደ ቀይ፣ ሲቀርብ ወደ ሰማያዊ ስለሚሸሽ፣ ይሄ ማለት መስመሯ 0.13 ናኖሜትር ገደማ ወደ ቀይ ትሸሻለች፣ 20 ቀን ቆይቶ ያንኑ ያህል ወደ ሰማያዊ ትሄዳለች። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ለጥሩ ስፔክትሮግራፍ ይሄ እንደ ጠራራ ፀሐይ የሚታይ ነገር ነው፣ በዚህ ልኬት ማንም አልተከራከረም። ክርክሩ የመጣው ከዚህ ልኬት ወደ ክብደት ሲኬድ ነው።

ምክንያቱም ፍጥነቱና የዙሩ ጊዜ ብቻቸውን የማይታየውን ክብደት አይሰጡም። የሚሰጡት ማስ ፈንክሽን የሚባል አንድ ቁጥር ነው፤ የፍጥነቱን ኩብ በዙሩ ጊዜ አባዝቶ በስበት ቁጥሮች ማካፈል ነው፣ ለኤችአር 6819 ሲሰራ ከፀሐይ ክብደት 0.96 ያህል ይመጣል። ይሄ ቁጥር በውስጡ ሶስት ነገር ቀላቅሎ የያዘ ነው፦ የማይታየው ክብደት፣ የምትታየው ኮከብ ክብደት፣ እና ምህዋሩ ወደኛ ምን ያህል እንዳዘነበለ። ምህዋሩ ቀጥ ብሎ ጠርዙ ወደኛ ነው ብለን ካሰብን ዝቅተኛውን ክብደት እናገኛለን፣ ግን ለዛም ቢሆን የምትታየዋን ክብደት ከሌላ ቦታ ማምጣት ግድ ነው። እዚህ ጋ ነው ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው፣ ልብ በሉልኝ።

ሪቪኒየስ እና ጓደኞቹ ይሄንን ክብደት ያመጡት ከተመላላሿ ስፔክትረም ነው። ስፔክትረሟ ቢ3 ዓይነት፣ ትንሽ ያረጀች ሰማያዊ ኮከብ ይመስላል፣ እንደዛ ያሉ ኮከቦች በተለምዶ የፀሐይን 5 እጥፍ ወይ ከዛ በላይ ይከብዳሉ። 5 ካስገባን ለ0.96 የሚበቃው የማይታይ ክብደት ከ4 በላይ ይሆናል፣ እነሱ ቢያንስ 4.2 ነው አሉ። ዋይት ድዋርፍ ከ1.4 አይበልጥም፣ ከሱ የባሰ የተጨመቀው የሞተ ኮከብ፣ ኒውትሮን ኮከብም፣ ከ2 ወይ ከ3 አያልፍም፣ ስለዚ ሁለቱም ወጡ። ተራ ኮከብ ይሆን እንዴ እንዳንል 4 የፀሐይ ክብደት ያለው ኮከብ ራሱ ደማቅ ሰማያዊ ነው፣ መስመሮቹ ስፔክትረሙ ላይ መታየት ነበረባቸው። ቢኢው ራሱ ቢሆንስ? እሱ ደሞ መስመሩ ሲንቀሳቀስ አልታያቸውም፣ እዛው ቆሟል፣ ስለዚ ከሩቅ ሆኖ ሁለቱን የሚዞር ሶስተኛ ኮከብ ነው ብለው ደመደሙ። ውስጥ አንድ ኮከብ እና አንድ ብላክ ሆል፣ ውጪ ቢኢው። ኤክስሬይ አለመኖሩም ብላክ ሆሉ ምንም የማይበላ ዝምተኛ ነው በሚለው ይገባል።

እኔ ይሄ ትንታኔ ግዴለሽነት አለበት የሚሉትን አልቀበልም። አንድ አንድ እርምጃውን ስታዩት እያንዳንዱ ተገቢ ነው፣ ከስፔክትረም ተነስቶ ክብደት መገመት ለአስርት ዓመታት ሲሰራበት የኖረ፣ ለአብዛኛው ኮከብ የሚሰራ መንገድ ነው። ጽሑፉም ግምቶቹን ሳይደብቅ ነው ያስቀመጠው፣ ሌሎች ወራት ሳይፈጅባቸው የላላውን ቋጠሮ ማግኘት የቻሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥርጣሬው ቶሎ ነው የመጣው። አንዳንዶቹ የማይታየው ነገር አንድ ብላክ ሆል ሳይሆን እርስ በርስ ተጠጋግተው የሚዞሩ ሁለት ደብዘዝ ያሉ ኮከቦች ሊሆኑ ይችላሉ አሉ፣ ሁለቱ ተደምረው 4 ይከብዳሉ ግን ብርሃናቸው ከሌሎቹ ስር ይጠፋል። ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ ተመላላሿ በእርግጥ 5 ናት ወይ?

ከጥቂት ወራት በፊት፣ በኖቬምበር 2019፣ ኤልቢ 1 በሚባል ሌላ ጥንድ ላይ ተመሳሳይ ነገር ተከስቶ ነበር። የፀሐይን 70 እጥፍ የሚከብድ ብላክ ሆል ተባለና ሌሎች ዳታውን ሲያዩት ቁጥሩ አልቆመም፣ በኋላም የተገፈፈች ኮከብ እና ቢኢ ኮከብ ሆኖ ተተረጎመ። ስለዚ ኤችአር 6819 ሲመጣ ሰዎቹ ምን እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር። ቤልጂየም ሉቨን ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ጁሊያ ቦደንሽታይነር ከቡድኗ ጋር፣ አሜሪካ ውስጥ ጊስ እና ዋንግ፣ ከዛም ካሪም ኤል ባድሪ እና ኤሊየት ኳታርት፣ እየራሳቸው ወደ አንድ መልስ መጡ፦ ሶስተኛ አካል የለም፣ ተመላላሿን የሚጎትታት ራሱ ቢኢው ነው።

ታዲያ ቢኢው ለምን ቆሞ ታየ? አንድ ትልቅ ሰው ትንሽ ልጅ እጇን ይዞ ሲያሽከረክራት ልጅቷ ሰፊ ክብ ትዞራለች፣ እሱ ግን ባለበት ትንሽ ነው የሚነቃነቀው። ተመላላሿ ከቢኢው 15 ጊዜ ገደማ የምትቀል ከሆነ እሷ 61 ስትሮጥ እሱ 4 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። 4 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ደሞ ከ300 በላይ በተለጠጠ፣ በዛ ላይ የሷ ቀጭን መስመር እየተመላለሰ በሚረብሸው መስመር ውስጥ መፈለግ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጊስ እና ዋንግ የሃይድሮጅኑን ደማቅ መስመር ጠርዝና ጠርዙን ለኩ፣ ጠርዙ የሚመጣው ለቢኢው በጣም ከቀረበው የዲስኩ ክፍል ስለሆነ የኮከቡን እንቅስቃሴ ይከተላል፣ እና በእርግጥም በ40 ቀን የሚመላለስ፣ ከተመላላሿ ተቃራኒ የሆነ ትንሽ ንቅናቄ አገኙ። እነ ቦደንሽታይነር ደሞ የተደራረቡትን ሁለት ስፔክትረሞች በሂሳብ ፈልቅቀው ለየብቻ አወጧቸውና ከዛው ከ4 አካባቢ ቁጥር ደረሱ። እሷ ስትመጣ እሱ ይሄዳል፣ እሷ ስትሄድ እሱ ይመጣል፣ ከሩቅ የሚዞር ሶስተኛ ኮከብ እንዲህ የሚያደርግበት ምንም ምክንያት የለውም።

ክብደቷ ሲቀየር ሂሳቡ ምን እንደሚሆን እንየው። ያው 0.96፣ ያው 40.3 ቀን፣ ያው 61። 5 በነበረው ቦታ ግማሽ የፀሐይ ክብደት አስገቡ። ዝቅተኛው የጎታች ክብደት ከ4 በላይ የነበረው ወደ 1.6 ገደማ ይወርዳል። ምህዋሩ ደሞ ጠርዙ ወደኛ ሳይሆን ጋደም ያለ ከሆነ 6 አካባቢ ይመጣል፣ ይሄ ደሞ በትክክል የአንድ ቢኢ ኮከብ ክብደት ነው፣ እዛው ፊት ለፊታችን እያበራ ያለ። ከቴሌስኮፑ የመጣው ቁጥር አንዱም አልተነካም፣ የተቀየረው ከተለምዶ የተወሰደው አንዱ ግምት ብቻ ነው፣ ብላክ ሆሉም ከሱ ጋር ሄደ።

ግን ግማሽ ፀሐይ የምታህል ኮከብ እንዴት የ5 ፀሐይ ኮከብ መስላ ታበራለች? የጉዳዩ ውበት እዚህ ነው ለኔ። ተመላላሿ ድሮ ከሁለቱ ከባዷ ነበረች። ከባድ ኮከብ ነዳጁን ቶሎ ይጨርሳል፣ ሲጨርስ ያብጣል፣ ስታብጥ ግን ጓደኛዋ በጣም ቅርብ ስለነበረ ውጪኛው ጋዟ ከሷ ስበት ወጥቶ ወደሱ ፈሰሰ። ልብሷን ሁሉ ገፈፋት ማለት ይቻላል፣ የቀራት እምብርቷና ከላዩ ያለ ስስ ሽፋን ነው። ያ እምብርት አሁን እየተኮማተረ ነው፣ ገና አልጨረሰም፣ ስለዚ ለጊዜው እንዳበጠና እንደሚያበራ አለ፣ ከላይ ሲታይ ሙቀቱና ድምቀቱ ከተራ ቢ ኮከብ ጋር ይመሳሰላል። ጋዙን የተቀበለው ጓደኛ ደሞ ክብደት ብቻ አይደለም የተቀበለው፣ ሽክርክሪትም ነው፣ ስለዚ ፈጥኖ መዞር ጀመረና ዲስክ ሰራ፣ ቢኢ ኮከብ ሆነ። አንዱ ታሪክ ሁለቱንም ኮከብ ያስረዳል። ስፔክትረሙ ላይም ምልክቱን ትቷል፦ የተመላላሿ ገጽ ላይ ናይትሮጅን በዝቷል፣ ናይትሮጅን እንደዛ የሚበዛው ሃይድሮጅን በተቃጠለበት የኮከብ ጥልቅ ክፍል ውስጥ ነው፣ አሁን ገጽ ላይ የታየው ከላዩ የነበረው ስለተገፈፈ ነው። የገጽ ስበቷም ከቢኢው በጣም ያነሰ ነው።

እንደዚ ያለ እብጠት በኮከብ እድሜ ሲታይ በጣም አጭር ጊዜ ነው የሚቆየው፣ ኮከቧ ቶሎ ተኮማትራ ትንሽ፣ እጅግ የጋለች፣ ለማየት የምታስቸግር ሳብድዋርፍ ትሆናለች። ስለዚ አንዳንዶች እንዲህ ዓይነት ጊዜ ላይ የመያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው ብለው መጠራጠራቸው ተገቢ ነበር። በ2020 መጨረሻ ላይ ሁለቱም ትርጉም ቆሞ ነበር፣ ያለው ዳታ ደሞ ከዚህ በላይ መሄድ አይችልም።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው ከሁሉም በላይ የማከብረው። ሁለቱ ወገኖች፣ የሪቪኒየስም የሉቨኖቹም፣ አንድ ላይ ሆነው የቴሌስኮፕ ጊዜ ጠየቁ፣ የሚጠይቁትም ጥያቄ ሁለቱን ሃሳብ በማያወላዳ መንገድ የሚለይ ነበር። ብላክ ሆል ካለ ቢኢው ከተመላላሿ ራቅ ያለ ነው፣ እስከ 100 ሚሊ አርክሰከንድ (ሰማይ ላይ በጣም ትንሽ ማዕዘን የሚለካበት ነው) ድረስ ተራርቀው ሊታዩ ይችላሉ። ብላክ ሆል ከሌለ ሁለቱ በ40 ቀን ነው የሚዞዞሩት፣ ርቀታቸው ከ1 ሚሊ አርክሰከንድ ትንሽ ነው የሚበልጠው። መቶ እና አንድ። እዚህ ላይ የክብደት ግምትም፣ የስፔክትረም ትርጉምም አያስፈልግም፣ ሁለቱ ብርሃኖች የት እንዳሉ ማየት ብቻ ነው።

ስራውን የመራችው የሉቨኗ አቢጌል ፍሮስት ናት፣ ቦታው ቺሊ ፓራናል ላይ ያለው ቪኤልቲ የሚባለው የኢሶ ትልቅ ቴሌስኮፕ። መጀመሪያ ሚዩዝ በሚባለው መሳሪያ ዙሪያውን ፈተሹ፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ደማቅ ኮከብ አለ ወይ ብለው፣ የለም። ከዛ ግራቪቲ የሚባለው የአራት ቴሌስኮፖችን ብርሃን አንድ ላይ አገናኝቶ ከመቶ ሜትር በላይ ስፋት እንዳለው አንድ መስታወት የሚያይ ኢንተርፌሮሜትር ነው፣ እሱ ሁለት ደማቅ ነጥቦች ለያየ፣ በመሀላቸው ያለው ከመሬት እስከ ፀሐይ ካለው ርቀት አንድ ሶስተኛው ገደማ። ሁለት ኮከብ፣ በጣም የተጠጋጉ፣ ሶስተኛ የለም። ውጤቱ በማርች 2022 ወጣ፣ ከሁለቱም ወገን ስም አለበት። ቁርጡ ታወቀ።

ብላክ ሆሉ ሲሄድ ጉዳዩ ባዶ የሆነ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው። በቅርብ ርቀት፣ በደማቅ ኮከብ ላይ፣ አንዱ ሌላውን ገፎ በጨረሰበት ቅጽበት የተያዘ ጥንድ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ስንት የከባድ ኮከብ ጥያቄ፣ ቢኢ ኮከቦች ለምን እንደዛ ይሽከረከራሉ የሚለውን ጨምሮ፣ በዚህ ሂደት በኩል ነው የሚያልፈው።

ፈላጊዎቹም መንገዳቸውን አስተካከሉ። በጁላይ 2022 ቶመር ሼናር እና ባልደረቦቹ፣ ከነሱ መሀል ኤል ባድሪም ነበረበት፣ በትልቁ የማጄላን ደመና፣ በጎረቤታችን ትንሽ ጋላክሲ፣ ውስጥ ቪኤፍቲኤስ 243 የሚባለውን ጥንድ አቀረቡ፤ የፀሐይን 25 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ እና ቢያንስ 9 የሚከብድ ብላክ ሆል። እዛ ጋ የመጀመሪያው ስራቸው ስፔክትረሙን ፈልቅቆ ከስር የተደበቀ ኮከብ፣ ሰፊ መስመር ያለውም ቢሆን፣ አለ ወይ ብሎ መፈለግ ነበር፣ ኤችአር 6819 ላይ ያመለጠውን ዓይነት ማለት ነው። አላገኙም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ደሞ ኤል ባድሪ ጋያ ቢኤች1 የሚባለውን ብላክ ሆል ይዞ መጣ፣ 1,560 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ። ይሄኛው ከሌላ አቅጣጫ የጠነከረ ነው። የጋያ ሳተላይት የኮከቧን ሰማይ ላይ መወዛወዝ፣ ቤሰል ሲሪየስ ላይ እንዳየው፣ በቀጥታ ስለለካ ምህዋሩ ምን ያህል እንዳዘነበለ መገመት አላስፈለገም። ከመሬት የተለካው ፍጥነት ከዛ ጋር ተገጣጠመ፣ አንዱ ዙር 185.6 ቀን። ከሁሉም በላይ ግን ማስ ፈንክሽኑ ብቻውን ከ3 በላይ ነው። ኤችአር 6819 ላይ 0.96 ስለነበር የምትታየዋን ኮከብ ክብደት እንደፈለግን ስንቀያይር የማይታየው አብሮ ይቀያየር ነበር፣ እዚህ ግን ኮከቧ ምንም አትመዝንም ብንል እንኳ የማይታየው ከ3 በታች አይወርድም። ኮከቧ ፀሐይን የምትመስል ተራ ኮከብ ናት፣ ጎታቹ ሁሉም ተሰልቶ 9.6 አካባቢ ነው፣ እንደዛ የሚከብድ ኮከብ ቢሆን ኖሮ እሷን በብርሃኑ ያጠፋት ነበር። በኤፕሪል 2024 የተገለጸው ጋያ ቢኤች3 ደሞ 33 የፀሐይ ክብደት ነው፣ አንድ ዙር 11.6 ዓመት ይፈጃል፤ የተገኘው ለአራተኛው የጋያ ዳታ ገና እየተዘጋጀ ካለው ልኬት ውስጥ ነው፣ ያ ዳታ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ በዚህ መንገድ የሚፈተሹ ጥንዶች ቁጥር በጣም ነው የሚጨምረው።